አቃቂ፦ ባለቤት ሲያልፍ የሚቀር ሥራ

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር ከተደረደሩት ቶርኖ ቤቶች ወደ አንዱ የተሰበረ ማርሽ ይዞ የሚመጣ ባለመኪና ስለ ማሽኑ አይጠይቅም። ማሽኑ የጣሊያን ይሁን የቻይና፣ አሮጌ ይሁን አዲስ፣ የንግድ ፈቃዱ በማን ስም ይውጣ ደንበኛው ግድ የለውም። ጥያቄው አንድ ነው፤ "እገሌ አለ ወይ?" እገሌ ካለ ዋጋውን ተከራክሮ ዕቃውን ይተዋል፤ ከሌለ ደግሞ በጨርቅ እንደ ጠቀለለ ይዞት ይመለሳል። ነገ ይመጣል ቢሉት ነገ ይመጣል።

ይህ ለነጋዴ ቀላል ነገር አይደለም። ቤቱ፣ ማሽኑ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩና ኪራዩ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ናቸው። ደንበኛ የሚያመላልሰው ግን ከነዚህ አንዱም ሳይሆን የአንድ ሰው እጅ ነው። ታዲያ ያ ሰው ሲያረጅ፣ ሲታመም ወይም ሲሞት ምን ይቀራል? ቤቱ ለልጆቹ ይቀር ይሆናል፤ ገበያውስ?

ጥያቄው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከብዷል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ በባንክ ከ58 ብር በታች ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም በዚያው ልክ ተሰቀለ። በደህናው ጊዜ ተጥሎ አዲስ ይገዛ የነበረ ዕቃ ዛሬ ይበየዳል፣ ይሞላል፣ እንደገና ይቆረጣል። እጅ የሚፈለገው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ሥራን ለትውልድ ስለ ማስተላለፍ ሲወራ በአገራችን ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ ሕንፃ ይሄዳል። "ስሙን ያስጠራ" የሚባለው ፎቅ የሠራ፣ ሆቴል የከፈተ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ያሳነጸ ነው። ስም በሕንፃ ላይ አይቀርም ማለት አይቻልም። በደቡቡ መንገድ የሚጓዝ ሰው የአቶ በቀለ ሞላን ስም በሆቴሎቹ ላይ ዛሬም ያነበዋል። ይሁን እንጂ አቃቂ ቃሊቲ ሌላ ነገር ያስተምራል። በዚህ ሰፈር ስምና ባለቤት እንደ ልብስ ተለዋውጠዋል፤ ሥራው ግን አንዳንዱ ጠፍቷል፣ አንዳንዱ ቀርቷል። የቀረው ለምን ቀረ፣ የጠፋውስ ለምን ጠፋ ብሎ መመርመር ለነጋዴም ለሠራተኛም ይበጃል።

ውኃው የሚያውቀው ታሪክ

አቃቂ የኢንዱስትሪ ሰፈር የሆነችው ሦስት ነገሮች ስለ ገጠሟት ነው፤ ወንዝ፣ ሜዳና ሐዲድ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በአቃቂ በኩል ነው ያለፈው። ከባቡሩ ቀደም ብሎም በ1904 ዓ.ም. ገደማ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ የአቃቂ ወንዝ ለአዲስ አበባ አነስተኛ ፋብሪካዎች ኤሌክትሪክ አመንጭቷል። የአገሪቱ የውኃ ኃይል ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ቀጥሎ ሬዲዮ መጣ። በጥር 1927 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ የመረቁትን የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ የተከለው የጣሊያን ኩባንያ ነበር። ዓመት ሳይሞላ የጣሊያን ወረራ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ንጉሠ ነገሥቱ ለውጭው ዓለም ድምፃቸውን ያሰሙት በዚያው ጣቢያ ነው። ጣሊያን በሠራው ማሽን ጣሊያን ተከሰሰ ማለት ነው። መሣሪያ የሚያገለግለው በሠራው ሳይሆን በያዘው እጅ እንደ ሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ አባ ሳሙኤል ተሠራ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በአቃቂ ወንዝ ላይ ግድብ ገድበው የተከሉት ይህ ማመንጫ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ዛሬ ላለ አንባቢ ቁጥሩ የሚያስቅ ይመስላል። በጊዜው ግን የዋና ከተማዋ መብራት ዋልታ ነበር። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው ቆቃ በ43.2 ሜጋ ዋት ሥራ እስኪጀምር ድረስ አዲስ አበባ በአባ ሳሙኤል ላይ ተደግፋ ኖራለች።

እንግዲህ ግድቡን ማን ሠራው? መዝገብ የሚያነሳው የወራሪውን መንግሥት ነው። ድንጋዩን የፈለጡ፣ አፈሩን የተሸከሙ፣ ቱቦውን የገጠሙ ሰዎች ስም በየትኛውም ምረቃ ላይ አልተነበበም። በኋላም ለዓመታት ማሽኑን በዘይትና በጨርቅ ያቆዩት ሠራተኞች ስማቸው ያለው በደመወዝ መክፈያ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ወረቀቱም ካልተቃጠለ ነው።

አባ ሳሙኤል በ1960ዎቹ ዓ.ም. ቆመ። የገደለው ደለል ነው፤ ደለሉን ያገዘው ደግሞ ጥገና ማጣት ነው። ከላይ የሚወርደው አፈር ሐይቁን ሞላው፣ ማሽኑ አረጀ፣ ዘወር ብሎ ያየው ጠፋ። እንግዲህ ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ግድቡ አልፈረሰም፣ ውኃው አልደረቀም፣ ጠላት አልመታውም። የተቋረጠው የዕለት ተዕለት ሥራው ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ተኝቶ ከቆየ በኋላ በቻይና መንግሥት ዕርዳታ፣ በቻይና ኩባንያ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ኃይል ማመንጨት ጀመረ። የታደሰውም በዚያው በ6.6 ሜጋ ዋት አቅሙ ነው።

ግንባታ በአንድ ትውልድ ያልቃል፤ ጥገና ግን በየትውልዱ የሚጀመር ነው። በአገራችን ለግንባታ ሪባን ይቆረጣል፣ ለጥገና ግን ማንም መቀስ አያመጣም። የአባ ሳሙኤል ወጪ ሲታሰብ ያለ ሥራ የቆመባቸው አርባ ዓመታት አብረው መታሰብ ነበረባቸው። ማንም አላሰባቸውም።

ስም የለወጠ ፋብሪካ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መገባደጃ የህንዱ ቢርላ ቤተሰብ ከኢትዮጵያውያን ጋር በሽርክና አቃቂ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቋቋመ። ኢንዶ ኢትዮጵያን ይባል ነበር። ህንዶች ከአገራቸው ውጭ በሽርክና ካቋቋሟቸው የመጀመሪያ ፋብሪካዎች አንዱ በመሆኑ በህንድ የንግድ ታሪክ ውስጥም ይጠቀሳል። ለአቃቂ ግን ከዚያ በላይ ነው። ከየገጠሩ የመጣ ወጣት በፉጨት ሰዓት ገብቶ በፉጨት ሰዓት መውጣትን፣ በፈረቃ መሥራትን፣ ደመወዝን በወር መቀበልን የለመደው እንዲህ ባሉ ፋብሪካዎች ነው። የማኅበር መዋጮም፣ አድማም፣ ዕቁብም ከዚያው ጋር መጣ።

ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ሙሉ በሙሉ ወረሰ፤ በሌሎች 29 ላይ ደግሞ አብላጫውን ድርሻ ያዘ። ኢንዶ ኢትዮጵያንም የመንግሥት ሆኖ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ተባለ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ተወረሱ። ለልጄ ይሆናል ብሎ ሁለተኛ ቤት የሠራ ሰው በአንድ ቀን አዋጅ ባዶ እጁን ቀረ።

ይህን ታሪክ ከወላጅ አፍ እየሰማ ያደገ ነጋዴ ንብረትን ለልጅ ማቆየት ዋስትና እንደማይሆን ያውቃል። እውቀቱ ግን ወደ ሁለት የተለያየ መንገድ ነው የመራው። አንዱ ወገን ንብረቱን በወርቅ፣ በዶላርና በዘመድ ስም መበተን መረጠ። ሌላው ደግሞ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ላከ፤ የተማረውን ማን ይወርስበታል ብሎ። ሁለቱም ለምን እንዳደረጉት ይገባል። ነገር ግን አንደኛው መንገድ ለአገር ያተረፈው እምብዛም ነው።

በኢንዶ ኢትዮጵያን መሽከርከሪያ ላይ ሙያ የለመደው ሠራተኛ ግን አዋጁ ሲወጣም ያው ሠራተኛ ነበር። ባለቤቱ ህንዳዊ ሳለ የተበጠሰ ክር ይቀጥል ነበር፤ ባለቤቱ መንግሥት ሲሆንም ቀጠለ። ማሽን ሊወረስ ይችላል፤ ማሽኑ በየትኛው ቀን ምን ዓይነት ድምፅ ሲያሰማ ምን እንደሚያመው የሚያውቅ ጆሮ ግን በአዋጅ አይዛወርም። ጆሮው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲሞት ግን ይጠፋል፤ ከዚያ በፊት ለሌላ ጆሮ ካልተላለፈ።

ከጣሊያን የቀረ ቃል

ጣሊያን በአቃቂና በቃሊቲ ያቆያቸው ነገሮች ቢቆጠሩ ከግድቡ ይልቅ በየቀኑ የሚሠራባቸው ቃላቱ ናቸው። መካኒክ ካቻቢቴ አቀብለኝ ሲል፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ ሲል፣ ቦሎንና ዳዶ ሲቆጥር፣ ኩሽኔታ ሲቀይር፣ ካምቢዮ ሲያወርድ፣ ፍሪሲዮን ሲያስር፣ ባሌስትራ ሲጨምር የሚናገረው ጣሊያንኛ መሆኑን አያስብም። ቶርኖ ራሱ የጣሊያን ቃል ነው። ወራሪው አምስት ዓመት ቆይቶ ተባረረ፤ የመካኒኩ ቋንቋ ግን ከሰማንያ ዓመት በኋላም ከእጅ ወደ እጅ ይሸጋገራል።

እነዚህን ቃላት ያስተማረ ቤተ መጻሕፍትም የቋንቋ አካዳሚም የለም። ያስተማራቸው ጋራዥ ነው። ጌታው መሣሪያውን ሲጠራ ረዳቱ ሰምቶ አቀበለ፤ ረዳቱ ጌታ ሲሆን በተራው ጠራ። ሥራ ራሱን የሚያቆይበት መንገድ ይኸው ነው፤ ያለ ወረቀት፣ ያለ ምረቃ። ችግሩም ከዚያው ይመነጫል። ሰንሰለቱ በአንድ ቦታ ከተበጠሰ የሚጠግነው መጽሐፍ የለም።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አቃቂ ላይ የተቋቋመው የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ይህን ሰንሰለት በመንግሥት ደረጃ ለማጠንከር የታሰበ ነበር። ብረት ያቀልጣል፣ ይቀጠቅጣል፣ ይሞርዳል፣ በሙቀት ያጠነክራል። ዓላማው በዶላር ይገዙ የነበሩ መለዋወጫዎችን እዚሁ መሥራት ነው። በ2002 ዓ.ም. ሜቴክ ሲቋቋም ፋብሪካው በእርሱ ሥር ገባ፤ ስሙም የአቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ ሆነ። ሜቴክ በተራው ሲከስም ቦታው በኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ ተተካ። በአንድ ሠራተኛ የሥራ ዘመን ውስጥ በበሩ ላይ ስንት ሰሌዳ እንደ ተሰቀለና እንደ ወረደ ይታያል። ሰሌዳ መቀየር ርካሽ ነው። ብረት አቅልጦ ቅርጽ ውስጥ ሲያፈስ ሙቀቱን በዓይኑ የሚለይ ሰው ማፍራት ግን ዓመታት ይፈጃል።

ስሙ የቀረለት መሐንዲስ

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሠራተኛ ስም ከሥራው ጋር ይቀራል። ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ በፊት በግልገል ጊቤ የኃይል ማመንጫ ፕሮጀክቶች ላይ ሠርተዋል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ ጀምሮ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ በመኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ግድቡ የመጀመሪያውን ኃይል ያመነጨው በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነው፤ የተመረቀው ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በ5,150 ሜጋ ዋት አቅም። አባ ሳሙኤልን 780 ጊዜ ማለት ነው።

ያላዩትን ምረቃ ሕዝቡ በስማቸው ያስታውሰዋል። ሚኒስትሮችና ሥራ አስፈጻሚዎች ብዙ ነበሩ፤ ተራው ሰው ግን ግድቡን ሲያነሳ የሚጠራው እኚህን በባርኔጣ ፀሐይ ላይ የሚታዩትን መሐንዲስ ነው። ለምን? ባለቤት ስላልነበሩ ይሆናል። አክሲዮን አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ደመወዝና ኃላፊነት ነው። ሰው ከሥራው ያተረፈው ሀብት ሲያንስና የሰጠው ዕድሜ ሲበዛ ሕዝብ ስሙን ለራሱ ይወስዳል።

ነገር ግን ለአንድ ስመኘው ስማቸው ያልተጠራ በሺህ የሚቆጠሩ አሉ። ግድቡም የአባ ሳሙኤል ዕጣ እንዳይደርሰው የሚወስነው የእነዚያ ሥራ ነው፤ ደለሉን የሚከታተለው፣ ኩሽኔታውን የሚቀባው፣ ሌሊት ፈረቃ ላይ ቆጣሪ የሚያነበው።

ሕጉ ምን ይላል?

ወደ ቃሊቲው ቶርኖ ቤት እንመለስና ጥያቄውን በሕግ ዓይን እንየው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የንግድ መደብርን ሲተረጉም በቅድሚያ ያስቀመጠው ዕቃውንና ቤቱን ሳይሆን መልካም ዝናውን ነበር። ዋጋውም ነጋዴው ዕቃ ወይም አገልግሎት ይፈልጋሉ ተብለው ከሚጠበቁ ሰዎች ጋር ባለው ግንኙነት ልክ ከፍ ዝቅ ይላል። በሌላ አነጋገር "እገሌ አለ ወይ?" የሚለው ጥያቄ በሕግ ዋጋ ያለው ሀብት ነው። ሊሸጥ ይችላል፣ ሊወረስም ይችላል።

በወረቀት ሊወረስ ይችላል ማለት ግን በገበያ ይወረሳል ማለት አይደለም። አባት ሲሞት ልጆች ማሽኑን ተካፍለው ይሸጡታል። አንዱ ውጭ አገር ነው፤ አንዷ ባንክ ትሠራለች፤ ሦስተኛው እጁን ዘይት ማስነካት አይፈልግም። ደንበኛው ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ሦስተኛውን ወደ ጎረቤት ይሄዳል። የሠላሳ ዓመት ዝና በሦስት ወር ያልቃል።

ብዙው ባለሙያ ኑዛዜ አይጽፍም፤ ሟርት ይመስለዋል። የሚናዘዘው በመጨረሻው ሰዓት፣ አልጋው ዙሪያ ለተሰበሰቡት በቃል ነው። እንግዲህ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፤ በግልጽ የሚደረግ፣ ተናዛዡ በራሱ እጅ የሚጽፈውና የቃል። በግልጽ የሚደረገው በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በራስ እጅ የተጻፈው ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ መጻፍ አለበት፤ በሰባት ዓመት ውስጥም በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይወድቃል። የቃሉ ኑዛዜ ደግሞ በሁለት ምስክር ፊት ቢሆንም ስለ ቀብር ሥርዓትና ስለ ልጆች አሳዳጊ ከመናገር ያለፈ ኃይሉ ትንሽ ነው። ስጦታ ቢሆን እያንዳንዱ ከ500 ብር ሊበልጥ አይችልም። 500 ብር! በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ቶርኖ ለልጅ ሊናዘዙበት ቀርቶ የቶርኖ ቢላ አይገዙበትም።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ቀዳዳ ደፍኗል። አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ቀድሞ ለወረቀት ብቻ ሚስትን ወይም ወንድምን "አባል" ማድረግ ግድ ነበር። መሥራቹ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ሥራውን የሚይዝ ሰው አስቀድሞ እንዲሰየምም ሕጉ ይጠይቃል። ባለሙያው "ከእኔ በኋላ ማን?" የሚለውን ጥያቄ ሟርት ሳይመስለው በንግድ ምዝገባ መስኮት ላይ እንዲመልስ ተገደደ ማለት ነው። የሚመልሰው ግን ብዙ ጊዜ የዘመድ ስም ነው። ሙያው ያለው ዘመድ ዘንድ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ የለም።

ለተቀጣሪውም ነገሩ ዘግይቶ ነው የመጣለት። የመንግሥት ሠራተኛ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ጡረታ ነበረው። የግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የታወቀ ጡረታ ያገኘው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። በዚያ አዋጅ ጡረተኛ ሲሞት የትዳር ጓደኛው የአበሉን ግማሽ፣ ልጅ ደግሞ 20 በመቶውን እንዲያገኝ ተደንግጓል። ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት በግል ጋራዥ የደከመ ሰው ለቤተሰቡ የሚያስቀረው ፕሮቪደንት ፈንድ ከነበረው እርሱን፣ ካልነበረው የዕድሩን ድንኳን ነበር።

ወንዙም የሚያስቀምጠው አለ

ስለ ሥራ ቅርስ ሲጻፍ ደግ ደጉን ብቻ መቁጠር ተለምዷል። አቃቂ ይህን አትፈቅድም። ከአዲስ አበባ የሚወርደው ሁሉ በትልቁና በትንሹ አቃቂ በኩል አልፎ የሚገባው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ውስጥ ነው፤ የቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ፣ የጨርቅ ቀለሙ፣ የጋራዡ ዘይት፣ የቤቱ ቆሻሻ። ሐይቁን እምቦጭ ወርሶታል። በወንዙ ውኃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እርሳስና ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ሰላጣውና ጎመኑ የሚመጣው ለአዲስ አበባ ገበያ ነው።

የቃጠሎ ዘይቱን ወደ ቱቦ የሚያፈስ ቶርኖ ቤት ለደንበኛው ጥሩ ማርሽ ሊቆርጥ ይችላል። ለልጅ ልጆቹ ያስተላለፈው ግን ማርሹን ብቻ አይደለም፤ ማርሹ በአሥር ዓመት ያልቃል፣ እርሳሱ አያልቅም። በኑዛዜ ያልተጻፈ፣ ነገር ግን ሁሉም ወራሽ እኩል የሚደርሰው ድርሻ ይህ ነው።

ሙያ የሚደበቅበት ምክንያት

ከሁሉ የከበደው ግን ማስተማር ነው። ቃሊቲ ላይ እጁ የሰላ ባለሙያ ለረዳቱ ሁሉን አያሳይም። መሞረድ ያስተምረዋል፣ መብሳት ያስተምረዋል፤ የማርሽ ጥርስ ስሌት ላይ ሲደርስ ግን ረዳቱን ሻይ ያስመጣል። ክፋት አይደለም፤ ሒሳብ ነው። የተማረው ልጅ በዓመቱ መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊቱ ቤት ይከራያል፤ ደንበኛውንም በስሙ ያውቀዋል። ለዚህ ባለሙያ ማስተማር ማለት የራሱን ተወዳዳሪ በራሱ ምሳ ማሳደግ ነው።

ስለዚህ "ሙያህን አስተላልፍ" ብሎ መስበክ ብቻ ዋጋ የለውም። መደበቁ ከማስተማሩ እስካዋጣ ድረስ ይደብቃል። የሚሻለው ማስተማሩ የሚከፍልበትን መንገድ መፈለግ ነው። ረዳቱን በድርሻ ማስገባት አንድ መንገድ ነው፤ መንገዱን ከሚሻገር ይልቅ እዚያው ቆይቶ ከትርፉ ቢካፈል ለሁለቱም ያዋጣል። ድርሻውም በቃል ሳይሆን በማኅበሩ መመሥረቻ ጽሑፍ ላይ መስፈር ይኖርበታል። የሙያ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ለልምምድ ወደ ጋራዥ ሲልኩም ባለሙያው ለጊዜው አንዳች ነገር ማግኘት አለበት። በነፃ አስተምር የተባለ ሰው በነፃው ልክ ነው የሚያስተምረው።

ሌላው ትንሽ የሚመስል ነገር ደብተር ነው። በአገሪቱ ካሉት አሮጌ ማሽኖች ብዙዎቹ ፋብሪካቸው ራሱ የተዘጋባቸው ናቸው፤ መለዋወጫቸው በካታሎግ አይገኝም። ልካቸው ያለው ደጋግሞ በሠራላቸው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። የጥርሱ ብዛት፣ ውፍረቱ፣ የትኛው ብረት ቶሎ እንደሚበላና የትኛው እንደሚችል። ይህን በእርሳስ በደብተር ላይ የሚያሰፍር ባለሙያ ሲሞት ቢያንስ ደብተሩ ይገኛል። ወራሾች ንብረት ሲቆጥሩ ማሽኑን፣ ሞርሳውን፣ ትራፓኖውን ይመዘግባሉ። በዘይት የወየበ ደብተር ግን ከጨርቁ ጋር ሊጣል ይችላል፤ ዋጋውን የሚያውቀው ረዳቱ ነው፣ እርሱ ደግሞ ወራሽ አይደለም።